ሁለተኛው ዙር

ዛሬ ድራፍት ነው፤
በርሜሉም ድራፍት ነው፣ ምርጫውም ድራፍት፤
አሥር ሰው ታጭቀናል በሌናርድ ጋራዥ ቤት።
መኪናው ደጅ ወጥቶ፣ በሩ ቢበረገድ፣
ትንኝ ነው የሚገባው በኢሪ ሐይቅ መንገድ።

ለማያውቅ ልንገር፦
የአሜሪካ ፉትቦል ነው፣ ኳሱ እንቁላል መሳይ፤
ተጫዋች እንመርጣለን በወረቀት ላይ፤
እነሱ ይሮጣሉ፣ እኛ እንቆጥራለን፤
እነሱ ይወድቃሉ፣ እኛ እንከስራለን።

ሌናርድ ሕግ አለው፦ ከሩቁ ኮከብ በፊት
ፋኖሶቹ፣ የከተማችን ልጆች፣ ይገምገሙ፣
አንድ በአንድ፣ በየስሙ።

ኬንዳል ሮስት፣ ወርዋሪው፦ ክንዱስ ወንጭፍ ነው፤
ዓይኑ ግን ካንድ ሰው አይነቀልም፣ ተከላካይ ሁሉ አወቀው።
"ዘጠነኛ ዙር" አለ ዱዌይን፣ ጢሙን በአረፋ አርሶ፤
"ዐሥራ አንደኛ!" አለች ማቪስ፣ "አምና በበረዶ አራት ኳስ ለጠላት አጉርሶ?"

ዲዮንቴ ፔልሃም፣ ቀላቢው፦ እግሩ ነፋስ፣ መዳፉ ሳሙና፤
እሱ ከሰው ሁሉ ያመልጣል፣ ኳስም ከሱ ታመልጣለችና።

ጋርዝ ሙለን፦ ሠላሳ አምስት ዓመቱ፣ ቁመቱ ግድግዳ፤
ሦስት ልጅ፣ አንድ ፍቺ፣ ያልተከፈለ የባንክ ዕዳ።
"ዕዳ ያለበት ሰው ኳስ አይጥልም" አለ ሌናርድ በቁም ነገር።
ማንም አልሳቀ። ሌናርድ ራሱ ቤቱን ሊሸጥ ነበር።

መቺውን ማንም አልጠራው፤ መቺ ስም የሚያገኝ ሲስት ነው።

ከዚያ ቲግ።

ላማርከስ ቲግ፣ ሯጩ።
"ጉልበት!" አለ ዱዌይን ጠረጴዛ መትቶ፣
"ጉልበት ነው ይሄ ልጅ! ማን ያቆመዋል ተነሥቶ?"
"ጉልበቱን እዩልኝ!" አለች ማቪስ፣ ፎቶውን አንሥታ።

እኔ አይቼዋለሁ።
ማክሰኞ ማታ፣ ክሊኒኩ ከተዘጋ በኋላ፣
በጓሮ በር አስገቡት፣ ኮፍያው ቅንድቡ ላይ ወርዶ።
ሃያ ስድስት ዓመት ራጅ አንሥቻለሁ፣
የመርከበኛ ትከሻ፣ የብረት ሠራተኛ ወገብ፤
እንደሱ ዝም ያለ ሰው ግን አላስታውስም።
"አትንቀሳቀስ" አልኩት፣ የምለው ለሁሉም ነው፤
"እሱንማ እየለመድኩ ነው" አለ፣ ፈገግ ያለ መስሎት ነው።
ስክሪኑ ላይ ወጣ፣ ነጭና ጥቁር ሆኖ፤
አጥንት ካጥንት ሊገጥም፣ መካከሉ በኖ።
ሐኪሙ አየ፣ እኔ አየሁ፣ መብራቱ ጠፋ፤
ፈርሜያለሁ፦ እዚያ ያየሁትን አፌ እንዳይተፋ።

የመጀመሪያው ዙር በሩቅ ከተማ ኮከቦች አለቀ፤
ሁሉም ዓይኑን እኔ ላይ ተከለ፣ ጠበቀ።
"ቨርና፣ ተራሽ ነው።"

የት እንደምሠራ ያውቃሉ። አምስት ዓመት ሙሉ
ቲግን ሳልወስድ የቀረሁበት ምርጫ የለም፤ ይህንንም ያውቃሉ።
ዛሬ ብዘለው፣ መዝለሌ አፍ አውጥቶ ይናገራል፤
ዝም ያልኩት ነገር ከጋራዥ ወጥቶ ከተማ ውስጥ ያድራል።
ልጁ ደግሞ ዓርብ አዲስ ውል ሊፈርም ነው ይላል ጋዜጣው።

ሆድ ይፍጀው።
"ቲግ" አልኩ።

"ነጠቅሽኝ!" ብሎ ዱዌይን ወንበር ረገጠ።
ሌናርድ ስሜ ሥር በጠመኔ ጻፈው፤
"ጉልበት ገዛሽ፣ ቨርና" አለኝ።
ምን ልበል? እውነቱን ነው፣ ጉልበት ነው የገዛሁት፤
በአርባ ዶላር መዋጮ፣ አውቄ የከሰርኩት።

በርሜሉ ሊያልቅ ሲል ዱዌይን ጆሮዬ ሥር መጣ፤
"ሮስትንም ፔልሃምንም ልስጥሽ፣ ቲግ ከእጅሽ ይውጣ።"
ደህና ዋጋ ነበር።
ግን ዱዌይን አምና የአባቴን ሣጥን
ከተሸከሙት ስድስት ሰዎች አንዱ ነው፤
በግራ በኩል፣ ከኋላ፣ ዝናብ እየመታው።
"አልሸጥም" አልኩት።
"ይሄን ያህል ትወጂዋለሽ?"

የቢራዬ አረፋ ወርዶ ቢጫው ብቻ ቀርቷል።
"ይሄን ያህል" አልኩና
ጠረጴዛውን ተደግፌ ስነሣ
የራሴ ጉልበት ቋ ሲል ሁሉም ሰማ፤ ሁሉም ሳቀ።